ሰባ ዓመት ያለበት ተስፋ

በብዙዎቻችን ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ጥቅስ አለ። አንዳንዱ ቤት በመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል፤ አንዳንዱ ቤት በክር ተጠልፏል፤ አንዳንዱ ቤት ደግሞ ካለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ ላይ ተቆርጦ ተለጥፏል። ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ቁጥር 11 ነው። እግዚአብሔር ለሕዝቡ በልቡ የያዘው በጎ ነገር እንጂ ጥፋት እንዳልሆነ፣ መጨረሻቸውም ተስፋ ያለው እንደሚሆን የሚናገረው ቃል። ለሙሽሮች እንሰጠዋለን፤ ለተመራቂ ተማሪ በካርድ ላይ እንጽፈዋለን፤ ወደ ዐረብ አገር ለምትሄድ እህት በስልክ እንልክላታለን።

እኛም ቤት አለ። የሰርጋችን ዕለት መዘምራን ጓደኞቼ የሰጡን ስጦታ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በተከራየንበት ቤት ሁሉ ከዕቃ በፊት ግድግዳ ላይ የሚወጣው እሱ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ላካፍላችሁ የምፈልገው ይህ ጥቅስ በተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንዴት እንደ ወደቅኩ፣ ከወደቅኩም በኋላ ቃሉ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዴት እንደ ገባኝ ነው። ጽሑፉን አስቀድሞ ያነበበው ባለቤቴ ነው። «ላኪው» ስላለኝ ልኬዋለሁ።

የቆርቆሮው ገንዘብ

በ2003 ዓ.ም. ባለቤቴ በአንዲት የክፍለ ሀገር ከተማ ውስጥ መጋቢ ሆኖ ያገለግል ነበር። ምእመናኑ በመካከላቸው በተነሣ አለመግባባት ስለ ተከፋፈሉ መባው ቀነሰ፤ ለአራት ወርም ደመወዝ አልተከፈለንም። ሁለት ልጆች ነበሩን፤ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። ከሰፈር ሱቅ በዱቤ እየወሰድን ቆየን። በኋላ ባለ ሱቁ የዱቤ ደብተሩን ዘጋ። የቤት ኪራይ የሦስት ወር ውዝፍ ነበረብን። አከራያችን ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እሷም የምትኖረው በዚያው ኪራይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ግን በራችን ላይ ቆማ፣ በዚህ ሳምንት ካልከፈላችሁ ሌላ ተከራይ አግኝቻለሁ አለችኝ። ጎረቤቶች ይሰሙ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ የእናቶች ኅብረት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። እያንዳንዷ እህት በየወሩ አሥር ብር ታዋጣለች፤ ገንዘቡ ለታመመና ለተቸገረ ይውላል። በዚያ ዓመት ኅብረቱ አንድ ነገር ወስኖ ነበር። አንዲት ባሏ የሞተባት አረጋዊት እናታችን ቤታቸው ስለሚያፈስ፣ ክረምቱ ሳይገባ የጣራቸው ቆርቆሮ እንዲቀየር። ለዚሁ ሦስት ሺህ ብር ተሟልቶ እኔ ዘንድ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ያንን ገንዘብ አወጣሁት። ስርቆት ነው ብዬ አላወጣሁትም፤ ማንም ሰው ስርቆት ነው ብሎ አይጀምርም። «ደመወዝ ሲከፈል እመልሰዋለሁ» ብዬ ነው። ለባለቤቴ ወንድሜ ላከልኝ አልኩት። እሱም ተንበርክኮ ጌታን አመሰገነ። እኔም አጠገቡ ተንበርክኬ «አሜን» አልኩ። ያን «አሜን» እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሚያዝያ አለፈ፤ ግንቦትም አለፈ። የደመወዙ ግማሽ ተከፈለን፤ እሱም ለባለ ሱቁ ሄደ። እህቶች ስለ ቆርቆሮው ሲጠይቁኝ «ዋጋው ይቀንሳል ይባላል፤ ትንሽ እንጠብቅ» አልኩ። በሰኔ ደግሞ «አናጢ አጣሁ» አልኩ። ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ሳሎን ተቀምጬ ያንን ጥቅስ ቀና ብዬ አየዋለሁ። «ጌታ ሆይ፣ ለእኔ መልካም ሐሳብ አለህ፤ ነገሩ ሳይታወቅብኝ በር ክፈትልኝ» እያልኩ እጸልያለሁ። ልብ በሉ፤ መጸለይ አላቆምኩም። ጥቅሱንም አልጣልኩም። የእግዚአብሔርን ተስፋ መደበቂያ አደረግኩት እንጂ።

በሐምሌ ለጸሎት ጉብኝት ወደ እኚያ እናት ቤት ሄድን። እኛ እዚያው እያለን ዝናቡ ወረደ። እማማ አልጋቸውን ከግድግዳው አርቀው ወደ መካከል ስበውታል። ከጣራው የሚወርደውን ውኃ ሁለት ሳፋና አንድ አሮጌ ድስት ይቀበላሉ። የጠብታውን ድምፅ እየሰማን ዘመርን። ስንጨርስ እጄን ያዙና «ልጄ፣ ስለ ቆርቆሮው አትጨነቂ፤ ጌታ በሰዓቱ ያደርገዋል» አሉኝ። ከዚያም የልጆቼን ስም እየጠሩ ባረኩኝ።

ቤቴ ስገባ ጥቅሱን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። አውርጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኩት።

ደብዳቤው ለማን ተጻፈ?

መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ስማር ስለ ትንቢተ ኤርምያስ ጽሑፍ አቅርቤ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። በዚያ ሌሊት ግን ምዕራፉን ያነበብኩት እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ጥፋተኛ ሰው ነበር። ከቁጥር 11 ሳይሆን ከቁጥር 1 ጀመርኩ።

ምዕራፉ ደብዳቤ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ንጉሡን ኢኮንያንን፣ እናቱን፣ አለቆቹንና የእጅ ባለሙያዎቹን ከኢየሩሳሌም ማርኮ ወሰደ። ኤርምያስ በኢየሩሳሌም ቀርቶ ነበርና ለእነዚህ ምርኮኞች ጻፈላቸው። ደብዳቤውን ይዘው የሄዱት ኤልዓሣና ገማርያ የሚባሉ የንጉሥ ሴዴቅያስ መልእክተኞች ነበሩ።

እንግዲህ አስተውሉ። እነዚህ ሰዎች ባቢሎን የደረሱት በአጋጣሚ አይደለም። ኤርምያስ ለዓመታት አስጠንቅቋቸዋል። ጣዖት ትተው እንዲመለሱ፣ መጻተኛውንና ድሀ አደጉን፣ መበለቲቱንም እንዳይገፉ በቤተ መቅደሱ በር ቆሞ ነግሯቸዋል (ኤር. 7፥1-7)። ያንን ክፍል ገልጬ «መበለቲቱን» የሚለው ላይ ስደርስ ማንበብ አቃተኝ። የሳፋው ድምፅ በጆሮዬ ነበር።

ያ ሁላችን የምንወድደው ተስፋ የተጻፈው ሁሉን በትክክል ላደረጉ ሰዎች አይደለም። በገዛ ጥፋታቸው ምክንያት አገራቸውን ላጡ ሰዎች ነው። ይህ በመጀመሪያ አስደነገጠኝ፤ ቆይቶ ግን አጽናናኝ። እግዚአብሔር ስለ ወደፊታቸው የነገራቸው ከመውደቃቸው በፊት አልነበረም። ወድቀው፣ በወደቁበት አገር ሳሉ ነው።

ሁለተኛው ነገር ይህ ተስፋ ቀጠሮ ያለው መሆኑ ነው። ከቁጥር 11 በፊት ቁጥር 10 አለ፤ እሱን ማንም በግድግዳ ላይ አይሰቅለውም። ለባቢሎን ሰባ ዓመት ሲፈጸም ነው የምጎበኛችሁ ይላቸዋል። ደብዳቤው ሲነበብ አርባ ዓመት የሞላው ሰው መመለሱን በዓይኑ አያይም ማለት ነው። ታዲያ እስከዚያ ምን ያድርጉ? ከቁጥር 5 እስከ 7 ያለው መልሱን ይሰጣል፦ ቤት ሥሩ፤ አትክልት ትከሉ፤ ልጆቻችሁን ዳሩ፤ ለዚያች ለማረከቻችሁ ከተማ ሰላም ጸልዩ። እግዚአብሔር የማምለጫ መንገድ ሳይሆን የየቀን ሥራ ሰጣቸው።

ሦስተኛው ነገር ከምዕራፍ 28 የምናገኘው ነው። በዚያው ዘመን ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሥቶ፣ ምርኮው በሁለት ዓመት ውስጥ ያበቃል ብሎ ተናገረ። በኤርምያስ አንገት ላይ የነበረውን የእንጨት ቀንበርም በሕዝብ ፊት ሰበረው። ከሰባ ዓመትና ከሁለት ዓመት ሕዝብ የትኛውን እንደሚመርጥ መናገር አያስፈልግም። የሐናንያ ትንቢት ግን ከእግዚአብሔር አልነበረም፤ እሱም በዚያው ዓመት ሞተ።

ወገኖቼ፣ ሐናንያ ሁልጊዜ በመድረክ ላይ አይቆምም። እኔ ለሦስት ወር ሙሉ ለራሴ ሐናንያ ሆኜ ነበር። «ሳይታወቅ ያልፋል፤ በር ይከፈታል» እያልኩ ለነፍሴ ተነበይኩላት። ቀንበሬን ሳልሸከመው ሰበርኩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዳንኤልን አስታወስኩ። በወጣትነቱ የተማረከው ዳንኤል አርጅቶ፣ የኤርምያስን መጽሐፍ አንብቦ የሰባውን ዓመት ቁጥር አስተዋለ (ዳን. 9፥2)። ቀኑ ደርሷል ማለት ነው። ተነሥቶ መዘመር ይገባው ነበር እንል ይሆናል። እሱ ግን ማቅ ለብሶ፣ አመድ ነስንሶ፣ በድለናል እያለ መናዘዝ ጀመረ። ባቢሎን በ539 በፋርስ እጅ ወደቀች፤ በተከታዩ ዓመት ቂሮስ ሕዝቡ እንዲመለስ ዐዋጅ አወጣ (ዕዝ. 1፥1-3)። ዳንኤል ግን ተስፋውን ሲያነብ መጀመሪያ የሄደው ወደ ኑዛዜ ነው። እኔ ያንኑ ተስፋ እያነበብኩ በሳጥኑ ላይ ቁልፍ እጨምር ነበር።

በዚያ ሌሊት

ባለቤቴን ቀሰቀስኩት። መብራት ጠፍቶ ስለ ነበር ፊቱን አላየሁትም፤ ደግሞም እንዳላይ ፈልጌ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት፤ ገንዘቡን፣ በወንድሜ ስም የዋሸሁትን፣ ያንን «አሜን»። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ነገ ሽማግሌዎቹ ዘንድ አብረን እንሄዳለን» አለኝ። «ሂጂ» አላለኝም፤ «እንሄዳለን» ነው ያለኝ።

በማግስቱ የሰርጌን የአንገት ሐብል ሸጥን። በኦሪት ዘኁልቍ የሰው ገንዘብ የወሰደ ሰው ኃጢአቱን ተናዝዞ ገንዘቡን እንዲመልስ፣ አምስተኛ እጅም እንዲጨምርበት ታዟል (ዘኁ. 5፥6-7)። ዛሬ በኦሪት ሥርዓት ሥር ባንሆንም ልቤ በሌላ መንገድ ስላላረፈ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ብር ቆጥሬ በሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ለአንድ ዓመት ከማንኛውም አገልግሎት ታገድኩ። ባለቤቴ መልቀቂያ አቀረበ፤ ሽማግሌዎቹ አልተቀበሉትም። ግን ሁሉም ሰው ይቅር አላለንም። ሁለት ቤተሰቦች ቤተ ክርስቲያኒቱን ለቀቁ። እስከ ዛሬ ሰላምታ የማትሰጠኝ እህት አለች፤ አልፈርድባትም።

የፈራሁት ግን እማማን ነበር። ብቻዬን ሄጄ፣ ሳፋዎቹ በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ ያሉኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «ምነው ልጄ፣ ያኔ ብትነግሪኝ! ለእህቶቹ፣ ‹ለእሷ ስጧት› እላቸው ነበር። ቆርቆሮ ይቆያል፤ አከራይ አይቆይም።»

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ንግግር ከእገዳው ይልቅ ከበደኝ። እኔ እግዚአብሔር በር እንዲከፍትልኝ ስጸልይ፣ በሩ እማማ ነበሩ። ያላየሁት ተደብቄ ስለ ነበር ነው። ችግሬን ለመናገር አፍሬ፣ በኋላ ኃጢአቴን ለመናገር ተገደድኩ። የመጋቢ ሚስት ተቸግራለች መባልን ፈርቼ፣ የመጋቢ ሚስት ሰረቀች ወደሚባልበት ደረስኩ።

ቆርቆሮው በነሐሴ መጨረሻ ተመታ። እማማ ከዚያ በኋላ አራት ክረምት በደረቅ ቤት ኖረው ወደ ጌታ ሄዱ።

ኃጢአቴ የእግዚአብሔር ዕቅድ ነበር?

ይህንን ጥያቄ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። «ለበጎ ነው፤ ጌታ ሊያስተምርሽ ፈልጎ ነው» የሚሉኝም አሉ። በቅንነት እንደሚናገሩት አውቃለሁ፤ ነገር ግን አልቀበለውም። እግዚአብሔር ማንንም ወደ ክፉ አይፈትንም (ያዕ. 1፥13)። ሳጥኑን የከፈተው የእኔ እጅ ነው። የራሳችንን ጥፋት «የጌታ ፈቃድ» ብለን ስንሰይመው ንስሐ ቀርቶ ማመካኛ ይተካል። ዳዊትን አስቡ። ነቢዩ ናታን ኃጢአቱ እንደ ተወገደለት በነገረው በዚያው ሰዓት የሚከተለውንም ነግሮታል (2ሳሙ. 12፥13-14)። ይቅርታ ውጤትን ሁሉ አያጠፋም።

ሌላው ስሕተት ደግሞ ከዚህ ተቃራኒ ነው። «ከእንግዲህ ዕቅዱ ተበላሽቷል፤ ለእኔ የቀረኝ ሁለተኛ ደረጃ ሕይወት ነው» ማለት። እኔም በኋላ ወንበር በተቀመጥኩበት ዓመት እንዲህ አስብ ነበር። የረዳኝ የጴጥሮስ ታሪክ ነው። ጌታ ጴጥሮስ እንደሚክደው የነገረው ከመካዱ በፊት ነው። እምነቱ እንዳይጠፋ የጸለየለትም ከመካዱ በፊት ነው። ሲመለስም ወንድሞቹን እንዲያጸና አስቀድሞ ሥራ ሰጥቶታል (ሉቃ. 22፥31-34)። የጴጥሮስ ውድቀት ጌታን አላስደነገጠውም፤ የጌታ ሐሳብም አልነበረም። ከጌታ ሐሳብ ግን አልበለጠም።

ዮሐንስ ደግሞ አንድ ነገር ጽፎልናል። ጴጥሮስ የካደው ከፍም እሳት አጠገብ ቆሞ ሲሞቅ ነበር (ዮሐ. 18፥18)። ከትንሣኤ በኋላ ጌታ በባሕሩ ዳር የጠበቀውም በፍም እሳት አጠገብ ነው (ዮሐ. 21፥9)። ሦስት ጊዜ የካደውን ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ጌታ ቁስሉን ዘሎ አላለፈውም፤ ነክቶ ፈወሰው እንጂ። ከዚያም «ኃጢአትህን እርሳው፣ ቤትህ ግባ» አላለውም፤ በጎቹን ሰጠው።

ሮሜ 8፥28ንም እንዲሁ ከቁጥር 29 ሳንለይ እናንብበው። ነገር ሁሉ አብሮ የሚሠራለት በጎ ነገር ምን እንደ ሆነ እዚያው ተጽፏል፤ የልጁን መልክ እንድንመስል ነው። ደመወዛችን እንዲከፈል፣ ስማችን እንዲጠበቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ የእኔ ታሪክ ኪሳራ ነበር። ክርስቶስን መምሰል ከሆነ ግን ያ የኋላ ወንበር ከማስተምርበት መድረክ ይልቅ ብዙ ሠርቶብኛል። ቀድሞ እህቶች ወደ እኔ የሚመጡት ሊማሩ ነበር። በዚያ ዓመት አንድ በአንድ፣ እየመሸ፣ ሊነግሩኝ መጡ። ባሏን የዋሸች፣ ልጇን በንዴት የጎዳች፣ ጸሎት ካቆመች ዓመታት ያለፉባት። ፍጹም መስዬ ስታያቸው በነበረ ጊዜ አንዳቸውም አልመጡም።

በምፅዋ ዳር የተተከለ አትክልት

ኤርምያስ በባቢሎን አትክልት ትከሉ ያለው ቃል በእኛም አገር ታሪክ ውስጥ ተፈጽሞ አይቻለሁ። ኦነሲሞስ ነሲብን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በኢሉባቦር ተወለደ፤ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር፤ ፈቺ፣ ተርጓሚ ማለት ነው። ገና በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች ተነጥቆ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። ምፅዋ ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጣ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ተጠመቀ። በስዊድን ተምሮ ሲመለስ ምኞቱ አንድ ነበር፤ ወንጌልን ለተነጠቀው ለገዛ ወገኑ ማድረስ።

እ.ኤ.አ. በ1881 በሱዳን በኩል ጉዞ ጀመረ፤ መንገዱ ስለ ተዘጋ ተመለሰ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በሌላ አቅጣጫ ሞከረ፤ ያም አልተሳካም። መልካምና መንፈሳዊ ዕቅድ ነበረው፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ታዲያ ምን አደረገ? ምፅዋ አጠገብ ባለችው ሙንኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይተረጉም ጀመር። እሷም ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ አገዘችው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በ1904 ወደ ነቀምት ሲገባ ከመጀመሪያው ሙከራ ሃያ ሦስት ዓመት አልፏል። ነገር ግን ባዶ እጁን አልገባም፤ የእግዚአብሔርን ቃል በወገኑ ቋንቋ ይዞ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1931 እስካረፈበት ጊዜ ድረስም እዚያው አገለገለ።

የኦነሲሞስ መከራ በገዛ ጥፋቱ የመጣ አይደለም፤ የእኔ በገዛ ጥፋቴ ነው። ሁለታችንን የሚያገናኘን ትእዛዙ ነው። ሁለታችንም የተነገረን አንድ ነገር ነው፤ ባለህበት ትከል።

ዛሬ ከየት እንጀምር?

ምናልባት ይህን የምታነቡት በእንዲህ ያለ ጊዜ ውስጥ ሆናችሁ ይሆናል። ትዳር ፈርሶባችሁ፣ ሥራ አጥታችሁ፣ ወይም ማንም የማያውቀው ነገር በሳጥን ተቆልፎባችሁ። ከራሴ መንገድ የተማርኳቸውን ጥቂት ነገሮች ልንገራችሁ።

1. መከራን ሁሉ ከጥፋት ጋር አታያይዙ። ጌታ ከልደቱ ጀምሮ ዕውር ስለ ነበረው ሰው ሲጠየቅ፣ እሱም ወላጆቹም በድለው እንዳልሆነ ተናግሯል (ዮሐ. 9፥3)። ልጇ የታመመባትን እናት «ምን በድለሽ ይሆን?» ብለን አንጨምርባት። ራሳችሁንም ያለ ምክንያት አትክሰሱ።

2. ጥፋት ካለ በስሙ ጥሩት። «ድካም»፣ «ፈተና»፣ «ስሕተት» እያልን እናለሳልሰዋለን። እኔ «ሰረቅኩ፤ ዋሸሁ» ለማለት ሦስት ወር ፈጀብኝ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ግን መተንፈስ ቻልኩ። መጀመሪያ ለጌታ፣ ቀጥሎ ለበደላችሁት ሰው፣ ደግሞም ለሚሸከማችሁ አንድ የበሰለ ክርስቲያን ንገሩ።

3. ሊመለስ የሚችለውን መልሱ። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ቀን ኪሱንም ከፈተ (ሉቃ. 19፥8)። እንባ ብቻውን የማንንም ጣራ አይሠራም።

4. የዛሬውን ሥራ ሥሩ። በታገድኩበት ዓመት የእግዚአብሔርን ታላቅ ዕቅድ ማየት አልቻልኩም። የሚታየኝ ሊጥ ማቡካት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ፣ እሑድ ሄዶ ከኋላ መቀመጥ ብቻ ነበር። ቤት መሥራትና አትክልት መትከል ማለት ይኸው ነው። ብዙ ጊዜ የእግዚአብሔር ፈቃድ ከዛሬ ምሽት አልፎ አይታየንም፤ ለዛሬ ምሽት ግን ይበቃል።

5. የሁለት ዓመት ነቢያትን ተጠንቀቁ። «በዚህ ወር ያበቃል፤ በሦስት ቀን ይገለበጣል» የሚል ቃል ለተጨነቀ ሰው እንደ ማር ነው። እግዚአብሔር በአንድ ሌሊት ሊያደርግ ይችላል። ሳያደርግም እግዚአብሔር ነው። ንስሐንና ትዕግሥትን ዘሎ ወደ መልካሙ መጨረሻ የሚያደርስ ቃል ከሐናንያ ወገን እንዳይሆን መርምሩ።

ለጉባኤዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የወደቀውን በየዋህነት መንፈስ አቅኑ ተብለናል (ገላ. 6፥1)። ማቅናት ጥፋቱን መሸፈን አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ እኔን ቢሸፍኑኝ ኖሮ ዛሬም እዋሽ ነበር። ማቅናት ሰውየውን መጣልም አይደለም። በእገዳዬ የመጀመሪያ እሑድ አንዲት የሽማግሌ ሚስት ከፊት ወንበሯ ተነሥታ መጥታ ከኋላ አጠገቤ ተቀመጠች። ምንም አልተናገረችም፤ መዝሙር ደብተሯን ወደ እኔ አስጠጋችልኝ። ዓመቱን ሙሉ እዚያው ተቀመጠች። ደግሞም አገልጋዮቻችሁን፣ ሚስቶቻቸውንም ጭምር፣ ቤታቸው እንዴት እንደ ሆነ ጠይቁ። ቀጥሎ የሚመጣውን መልስ ለመስማት ተዘጋጅታችሁ ጠይቁ።

ጥቅሱ ዛሬ

ጥቅሱን መልሼ የሰቀልኩት እማማን ካናገርኩ በኋላ ነው። ከመስቀሌ በፊት መስታወቱን አውጥቼ፣ ከሥሩ በእርሳስ «ከቁጥር 1 ጀምረሽ አንብቢ» ብዬ ጻፍኩበት። አሁንም እዚያው አለ። እንግዳ ሲመጣ አንዳንዱ ያየዋል፤ ጠይቆኝ የሚያውቀውም አለ፤ እነግረዋለሁ።

የገንዘብ ያዥነቱን ሥራ ከዚያ በኋላ አልሠራሁም፤ አልጠየቅኩምም። ባለቤቴ አሁንም ያገለግላል። እኔም ከእገዳው በኋላ የእሑድ ሕፃናትን ወደ ማስተማር ተመለስኩ። ገና ያልተፈጸሙ ጸሎቶች አሉኝ፤ ሰላምታ የማትሰጠኝ እህት አንዷ ናት። ስለ እሷ ቁጥር 10 ላይ ነኝ፤ እየጠበቅኩ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም፣ አንቺም፣ ዛሬ ፊቱ ወደ ግድግዳ የዞረ ጥቅስ ካለባችሁ አብረን እንጸልይ።

አባት ሆይ፣ በገዛ እጃችን ያበላሸነውን በፊትህ እናመጣለን። ያላጠፋነውንና የደረሰብንንም እናመጣለን። ተስፋህን መደበቂያ አድርገን ከሆነ ይቅር በለን። መጨረሻውን ባናይም የዛሬውን ሥራ ለመሥራት ጉልበት ስጠን። የምንነግረው ሰው አጠገባችን አኑርልን፤ እኛንም ለሌላው እንዲህ ያለ ሰው አድርገን። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።

ይህን «አሜን» ከልቤ ነው ያልኩት። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።